የማይታየው ብረት

በጎጃም ገጠር ጎጆ በደቦ ሲሠራ የተጻፈ ደንብ አያስፈልግም። ምሰሶው ሲተከል፥ ማገሩ ሲማገር፥ ጭቃው ሲመረግ ሁሉም ቆሞ ያያል፤ የጠመመውን ሽማግሌ ያርማል፤ ቤቱ ቢያዘምም የሠራው ሰው ጎረቤት ነውና የትም አይሄድም። በደብረ ማርቆስ ከተማ በሚቆሙት ፎቆች ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጭነቱን የሚሸከመው ብረት ኮንክሪት ከፈሰሰበት ሰዓት ጀምሮ ከዓይን ይሰወራል። ስንት ዘንግ እንደገባ፥ ሲሚንቶው በልኩ ይሁን ተቀንሶ፥ በውስጡ የሚኖረው ተከራይ ወይም የሚማረው ሕፃን ሊያውቅ አይችልም።

የግንባታ መለኪያና ደንብ የባለሙያ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የኅሊናም ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ደንቡ ማየት ለማይችለው ሰው የተገባ ቃል ነው። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣራው ላይ ማንም ወድቆ እንዳይሞት መከታ እንዲያበጅ ታዟል፤ ሳያበጅ ቀርቶ ሰው ቢወድቅ ደሙ በቤቱ ላይ ይሆናል። አገራችንም እ.ኤ.አ. በ1995 የሕንፃ ደረጃዎችን አውጥታለች፤ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001ም ተደንግጓል።

ይሁን እንጂ በእኛ ዘንድ «ደኅና አለቃ ካለ ሌላው ሁሉ ይሆናል» የሚል አሳብ ሥር የሰደደ ነው። በዚህ ረገድ ጎጃምን ከብቦ የሚወርደው ዓባይ፥ በጉባ የተገደበበት ሥራ ብዙ ያስተምራል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ሲጣል መምህሩ ከደመወዙ፥ ገበሬው ከእህሉ ሽያጭ ቦንድ ገዝቷል። ስለዚህ ሥራው የብዙ ድኾች አደራ ነበረ። የብረታ ብረቱንና የኤሌክትሮ መካኒካሉን ሥራ የያዘው የመንግሥት ኮርፖሬሽን ሜቴክ ነበር፤ ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በዘርፉ ልምድ ለሌለው አካል በመሰጠቱ ሥራው መጓተቱንና አንድም ተርባይን አለመንቀሳቀሱን ገለጡ። የአገር ፍቅር አልጎደለም፤ የጎደለው «ይህን ሥራ ከዚህ ቀደም የት ሠርታችኋል?» የሚለው ተራ ጥያቄ ነው፤ ቢጠየቅም መልሱ አልተሰማም ማለት ነው።

በዚያው ዓመት ሐምሌ የፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ ኢንጂነር ስመኘው በቀለ አረፉ። ሕዝቡ ግድቡንና እርሳቸውን ለይቶ ስለማያይ ሐዘኑ ከባድ ነበር። ሥራው ግን አልቆመም። በሮለር እየተዳመጠ የሚነጠፈው ኮንክሪት ቀጠለ፤ የካቲት 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያው ተርባይን ኃይል ሰጠ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 145 ሜትር ከፍታ ያለው፥ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግድብ ተመረቀ። አንድ መሪ ሲያልፍ ሥራው ካልተቋረጠ፥ ዕቅዱና መዝገቡ ከአንድ ሰው ኪስና ጭንቅላት ውጭ ነበሩ ማለት ነው። እንዲህ ያለው መሪ ለክብሩ ጎጂ የሚመስለውን ነገር ለራሱ ፈቅዷል፤ ያለ እርሱ እንዲሠራ አድርጎ ሠርቷልና።

የሚያስቸግረው ግን ደንቡ ራሱን አለቃውን ሲከለክለው ነው። የኮንክሪት ናሙና በ7ኛውና በ28ኛው ቀን እየተጨፈለቀ ጥንካሬው ይለካል። ለምረቃ በዓል የቸኮለ ባለሥልጣን፥ የቁምስና አዳራሽ የሚያሠራ የኮሚቴ ሊቀ መንበርም ቢሆን (እኛም ቀሳውስቱ ከዚህ ነጻ አይደለንም)፥ ቀኑን ማሳጠር ያምረዋል። ሲሚንቶ ግን ትእዛዝ አይሰማም።

«ታዲያ ደንቡ ከጠበቀ አይበቃምን?» የሚል አይጠፋም። አይበቃም። የቁጥጥሩን ቅጽ ቢሮ ተቀምጦ መሙላት ይቻላል፤ ሦስት ፊርማና ማኅተም ያለበት ወረቀት ያላየውን እንዳየ አድርጎ ሊመሰክር ይችላል። በዚያን ጊዜ ደንቡ ያለ ደንብ ከመሥራት የከፋ ይሆናል፤ የሚጠራጠረውን ሰው ዝም ያሰኘዋልና። አዳራሹ ሲሠራ ውኃ ከልክ በላይ መጨመሩን አስቀድሞ የሚያየው ባሬላ የሚሸከመው የቀን ሠራተኛ ነው። በቅጹ ላይ የአሠሪው፥ የተቋራጩና የተቆጣጣሪው መሐንዲስ ስም መጻፊያ አለ፤ የእርሱ የለም። ቢናገር ነገ ወደ ሥራው እንዲመለስ ወይም እንዳይመለስ የሚወስነው ያው ውኃ እንዲጨመር ያዘዘው አለቃ ነው።