መጽሐፍ የሚከበርበት ቤት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ቅዱስ ጳውሎስ በሁለተኛው መልእክቱ የጢሞቴዎስን እምነት ሲያወድስ አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን በስም ያነሣል። ጢሞቴዎስ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቅዱሳት መጻሕፍትን ማወቁንም ይመሰክርለታል። እንግዲህ የጢሞቴዎስ የመጀመሪያ ትምህርት ቤት የእናቱ ቤት ነበር ማለት ነው።

በላስታችንም ይህን የሚመስል መልካም ልማድ አለን። አባት ማለዳ ተነሥቶ ዳዊቱን ከማኅደሩ ያወጣል፤ ተሳልሞም የዕለቱን ይደግማል። አጠገቡ የተቀመጠው ሕፃን የግእዙን ቃል ባያውቀውም መጽሐፍ የሚከበር ነገር መሆኑን ያያል። ይህ ልጅ በኋላ የኔታ ዘንድ ሲሄድ 231ዱን ፊደል ይቆጥራል፤ መልእክተ ዮሐንስንና ወንጌለ ዮሐንስን አልፎ እስከ 150ው መዝሙረ ዳዊት ይዘልቃል። መንገዱ ረጅም ነው። አለንጋ ልጅን ያስቀምጠው ይሆናል፤ ንባብን የሚያስወድደው ግን በቤቱ ያየው ነው።

«በእኛ ቤት ፊደል የቆጠረ የለም» የሚል ወላጅ አይጠፋም። ነገር ግን ፊደል ያልቆጠረች እናት ማታ በምድጃው ዳር «ልጄ፣ እስቲ የዛሬውን አንብብልኝ» ብላ ጸጥ ብላ ብታዳምጥ፣ ከመምህር የማያንስ ሥራ ሠራች። ልጅ የሚሰማው ሲያገኝ ያነባል። ውኃ ስትቀዳና እንጨት ስትለቅም ለምትውለው እኅታችንም ደብተሯን የምትይዝበት ሰዓት ይሰጣት። እርሷም የነገ ኤውንቄ ናትና።

ጽሕፈትም የራሱን ልማድ ይሻል። በአብነት ትምህርት ቤት ንባብና ቁም ጽሕፈት ለየብቻ የሚሠለጠንባቸው ናቸው፤ ዳዊት የደገመ ሁሉ ብርዕ አይጨብጥም። ስለዚህ የጽዋ ማኅበሩን ተረኛ፣ የእድሩን መዋጮ፣ በጸሎት የሚታሰቡትንም የሙታን ስም ልጅ ይጻፍ። ጽሑፉ ለቤተሰቡ ሲጠቅም ካየ መጻፍን ይወዳል።

ይህን አጥብቀን የምንናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ላሊበላንና አካባቢዋን ባወከ ጊዜ ትምህርት ተቋርጦ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። የትምህርት ቤቱ በር ሲዘጋ ለልጁ የሚቀረው የወላጆቹ ቤት ነው። በዚያ ቤት መጽሐፍ የሚገለጥ ከሆነ ልጁ የያዘውን ፊደል አይጥልም፤ የማይገለጥ ከሆነ ግን የተማረውም ይጠፋዋል።

እንግዲህ ፊደል የለየን ወጣቶች ከእራት በኋላ ለታናናሾቻችን ጥቂት እናንብብ፤ እነርሱም በተራቸው ያንብቡልን። ብዙ መጽሐፍ ባይኖረን ያለውን አንዱን ደጋግመን እንግለጠው። የቤታችንን ልጆች በጥበብና በሞገስ እንዲያሳድግልን አምላከ ቅዱስ ላሊበላ ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።