ሕዝብ ሲታሰር ሌባ ይፈራልን?

ወገኖች ሆይ፤ በካምፑም ሆነ በጅቡቲ ከተማ ስለ አገር ስንጫወት «ሰው ካልታሰረ ሰላም ከየት ይመጣል?» የሚል አይጠፋም። ነፍሰ ገዳይና ቀማኛ ይታሰር ቢባል ከመካከላችን የሚቃወም የለም። የኛ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም ሕዝብ በጅምላ ሲታሰር በውጭ የቀረው ሰው ያለ ስጋት ያድራልን?

ቀበሌ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ሲቋቋም ሥራው ኪራይ መሰብሰብና የጎረቤት ጠብ በፍርድ ሸንጎ መዳኘት ነበር። በ1969 እና በ1970፣ በቀይ ሽብር ዘመን፣ ያው ቀበሌ እስር ቤት ሆነ። ስንቅ የምታመላልሰው እናት በየቀኑ ከበሩ ቆማ ሳህኗ ባዶውን እስኪመለስ ትጠብቃለች፤ «ከእንግዲህ ምግብ አታምጪ» ከተባለች ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ማልቀስ እንኳ ተከልክሎ ነበር። ልጁ ሲታሰር እናቲቱም አብራ ታስራለች፤ ሥራዋም፣ ገበያዋም፣ እንቅልፏም እዚያው በር ላይ ቀርቷል።

እንግዲህ ዕቃው የተሰረቀበት ሰው ወደዚያ ደጅ በምን ልብ ይሂድ? የሚጠቁመው የጎረቤቱን ልጅ ነው፤ ልጁ ሌሊት ተወስዶ በዚያው ቢቀር ደሙ በማን ራስ ይሆናል? ዝም ይላል፤ ሌባውም በሰላም ያድራል። ደግሞስ መምህሩና ተማሪው የታጎሩበት ቤት ቀማኛውን በምን ያሳፍረዋል? እስራት ነውርነቱ የሚቀረው እንዲህ ነው።

ይህ የደርግ ዘመን ነገር ብቻ አይደለም። በመስከረም 2009 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ መርማሪ ቦርዱ ራሱ እንደገለጸው ከ26 ሺህ ሰው በላይ ተያዘ። ወደ አዋሽ አርባና ወደ ጦላይ የተጋዙት «ተሐድሶ» ተሰጥቷቸው፣ ብዙዎቹም «አይደገምም» የሚል ካናቴራ ለብሰው ተለቀቁ። አዋጁ በሐምሌ ተነሣ፤ በየካቲት 2010 ሌላ አዋጅ ተደገመ። (ካናቴራው ለማን ይገባ እንደነበር አንባቢ ይፍረድ።)

ነገሩን እዚህም በሌላ መልኩ እናውቀዋለን። ራፍል መጣ ሲባል መንገዱ ጭር ይላል፤ የተያዘው ወደ ናጋድ ይወሰዳል። ስለዚህ ደመወዟን የተከለከለች የቤት ሠራተኛም ሆነች በሌሊት የተደበደበው ኩሊ ፖሊስ ዘንድ ሄደው አይከሱም። እኛን የዘረፈ ከሳሽ እንደሌለበት አውቆ ይዘርፋል፤ ነገ ደግሞ በዚያው ጨለማ መንገድ የከተማውን ተወላጅ ይጠብቃል።