የፕሮቲን ዱቄቱን ስንት ሰዓት ልውሰድ ላልከኝ

ልጄ፣ ከጂም ወጥተህ ላብህ ሳይደርቅ ሼከርህን የምትበጠብጠው፣ ግማሽ ሰዓት ካለፈ ልፋትህን ውሃ በላው ብለው ስላስፈራሩህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ተመራማሪው ብራድ ሾንፌልድና ባልደረቦቹ ቀደም ያሉ ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ ግን ልዩነት ያመጣው ሰዓቱ ሳይሆን የቀኑ ጠቅላላ ፕሮቲን ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ አስቀድመህ የቀኑን ድምር አስተካክል። ጡንቻ ለሚገነባ ሰው በኪሎ 1.6 ግራም ያህል ይበቃል፤ 70 ኪሎ ከሆንክ 112 ግራም ማለት ነው። ይህንንም ባንዴ ከምታግበሰብሰው በየ3 ወይም በየ4 ሰዓቱ ከ20 እስከ 40 ግራም እያደረግህ ብትከፋፍለው ይሻላል።

እናትህ አሬራ አሙቃ አይብ ስታወጣ አይተህ ከሆነ ዱቄቱ የሚሠራባቸውን ዌይንና ኬዚንን ታውቃቸዋለህ። የሚረጋው አይብ በአብዛኛው ኬዚን ነው፤ ዌይ ደግሞ የአጓት ፕሮቲን ነው። ዌይ ቶሎ ስለሚፈጭ ከስፖርት በኋላ፣ ወይም ቁርስ ሳትበላ በወጣህበት ጠዋት ይመቻል። ኬዚን ጨጓራ ውስጥ ረግቶ ለሰዓታት ቀስ እያለ ይፈጫል፤ ከመኝታ በፊት ከ30 እስከ 40 ግራም ውሰዱ የሚባለውም ለዚህ ነው። የቀኑን ድምር በምግብ ከሞላህ ግን ግድ አይደለም።

ቢሲኤኤ የሚባለውን የአሚኖ አሲድ ዱቄት ተወው። ጡንቻ ለመሥራት ሰውነት 9ኙንም አስፈላጊ አሚኖ አሲዶች ይፈልጋል፤ እሱ የያዘው 3ቱን ብቻ ነው። ክሬቲን ፕሮቲን ባይሆንም ይጠቅማል፤ በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም፣ በፈለግከው ሰዓት፣ ሳታቋርጥ።

ሰዓት የምር የሚያሳስበኝ በጾም ነው። ዌይም ኬዚንም የወተት ናቸውና ያኔ የአተር ወይም የአኩሪ አተር ዱቄት ትፈልጋለህ፤ እሱንም መጠኑን ወደ 40 ግራም ጠጋ አድርገው። እስከ 9 ሰዓት እየጾምክ ማለዳ ብረት ካነሳህ፣ ጡንቻህ ጥገና በሚፈልግበት ሰዓት ሆድህ ባዶ ነው። ስፖርቱን ወደ ማታ አዙረው። 9 ሰዓት ላይ ምስርህን ወይም ሽሮህን ጠገብ አድርገህ ብላ፣ አመሻሽ ላይ ሥራ፣ ስትመለስ ዱቄቱን ጠጣ፣ ከመኝታህ በፊት ለውዝና የተቀቀለ ሽምብራ ጨምር። 100 ግራም ጥሬ ምስር 25 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፤ እንዳትንቀው።

የኩላሊት ሕመም ካለብህ ሐኪም ሳታማክር ጣሳውን አትክፈት። ከሌለብህም ደመወዝ ስትቀበል መጀመሪያ እንቁላሉንና ምስሩን ግዛ፤ ዱቄቱን በተረፈህ ትገዛለህ።