ዜሮዋ የማን ናት?

በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ መንግሥቱ ወርቁ 3 ጎል አገባ። የመጨረሻዋ በፍጻሜው፣ በጭማሪው ሰዓት፣ ግብፅ ላይ የገባችው ናት። 4 ለ 2፤ ዋንጫው እዚሁ ቀረ። ጎሎቹ የማን ናቸው ብሎ የጠየቀ የለም። መታ፣ ገባ፣ አለቀ።

ከ20 ዓመት በኋላ ያው ሰው የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ ሆኖ ሊቢያ ሄደ። በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸነፈ፤ ከአልጄሪያ ጋር 0 ለ 0 ወጣ። ሦስት ጨዋታ፣ አንድም ጎል የለም። የመንግሥቱ ወርቁ ቡድን፣ እኮ!

እኔን የምታስጨንቀኝ ይቺ ዜሮ ናት። አሰልጣኝ ኳስ መምታት አይፈቀድለትም። ካንትን የጠቀሰ ሁሉ እንደሚለው፣ ሰው «ይገባህ ነበር» የሚባለው ማድረግ በሚችለው ነገር ብቻ ነው። ታዲያ ባልመታው ኳስ እንዴት ይጠየቃል?

እኛ አቃቂ ቃሊቲ፣ ድሮ አጥቂ የነበረ፣ አሁን የሰፈር ልጆች የሚያሠለጥን ሰው አለ። ስሙ ይቅር። ልጁ ጎል ፊት ሲያመነታ፣ ከመስመር ውጭ የቆመው የሱ ቀኝ እግር ሳያስበው ከመሬት ይነሳና አየር ይመታል። ልጆቹ ይሞቱበታል በሳቅ። ልጁ ከሳተ ደግሞ ጠርቶ «የኔ ጥፋት ነው፤ ቶሎ ምታ አላልኩህም» ይለዋል። ውሸት ነው። ብሎታል፤ ግማሽ ሰፈር ሰምቷል።

መጀመሪያ ላይ ይሄ ነገር አልተዋጠልኝም። የልጁን ስህተት መውሰድ ልጁን መናቅ አይደለም ወይ? ዛሬ የሳተውን የወሰደ፣ ነገ ያገባውንም «እኔ ነኝ የሠራሁት» ብሎ ይወስዳል። እንዲህ ያሉ አሰልጣኞች ሞልተውናል። ይሄኛው ግን ልጁ ሲያገባ ዞር ብሎ የተበተኑ ኳሶችን ይለቅማል። ሂሳቡ እኩል አይደለም፤ ኪሳራው የሱ፣ ትርፉ የልጁ። እኔ ይሄንን ፍትሕ ነው ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ልጁ ከመሳቱ በፊት፣ ገና ፊሽካውን አንገቱ ላይ ሲያጠልቅ፣ የተስማማው በዚህ ነው። የካንት ጥያቄ ጥፋተኛን ለመፈለግ ይጠቅማል። እዚህ ሜዳ ላይ ግን ማንም ጥፋተኛ እየፈለገ አይደለም፤ ልጁ ነገ ደግሞ ደፍሮ እንዲመታ ነው የተፈለገው።

በቅርጫት ኳስ ስቲቭ ከር ዕድለኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ጆርዳን ያቀበለውን ኳስ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች አስቆጥሮ ቺካጎን ሻምፒዮን አደረገ፤ አሰልጣኝ ሲሆን ደግሞ ከሪን አገኘና 4 ዋንጫ በላ። መንግሥቱ ከሪ አልነበረውም።

ግን የነበረውን እንይ። ያቺ በ0 ለ 0 የተያዘችው አልጄሪያ ከ3 ወር በኋላ በዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 አሸነፈች። ጀርመን ያልቻላትን ቡድን 90 ደቂቃ ሙሉ ጎል የከለከላት ማን ነው? እንዲህ ያለ ነገር የሚጻፍበት ዓምድ የለም፤ የጎል አግቢዎቹ መስመር ባዶውን ነው የተቀመጠው። ያቺን አንዷን ዜሮ፣ ሌላ ባለቤት ከሌላት፣ ከ3ቱ ጎሎቹ ጎን አስቀምጡለት።