ላልታየ ፍጥረት ያለ አደራ

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ካዛንቺስ የሚኖር ሰው ቀይ ቀበሮን የሚያውቀው በሥዕል ብቻ ስለሆነ፣ በዓይኑ ላላየው ፍጥረት ኃላፊነት አለበት ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ብርቅዬ፣ ማለትም ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘው ይህ እንስሳ፣ ጆሮውን አቅንቶ በፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ ለብቻው ሲያደባ የሚውል ሲሆን፣ እርሻና ግጦሽ ወደ ደጋው ጫፍ በገፋ ቁጥር መኖሪያው ይጠብበታል፤ ከእረኛ ጋር የሚወጣ ያልተከተበ ውሻም የእብድ ውሻ በሽታን ያጋባበታል።

ኦሪት ዘፍጥረት ለሰው በፍጥረት ላይ የሰጠውን ገዥነት እንደ ባለቤትነት የሚተረጉሙ አሉ፤ ይሁንና በአንበሶችና በነብሮች መካከል የሚሣለው የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ትውፊት ወደ መጋቢነት፣ ማለትም የሌላውን ንብረት በአደራ ወደ መጠበቅ ያዘነብላል። መጋቢነት ግን ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የሚከፍለውም ስለ እሱ የሚናገረው ከተሜ አይደለም። የመንዝ ገበሬዎች ቄሮ በተባለው ሥርዓት ቀይ ቀበሮ በሚኖርበት በጓሳ ደጋ ያለውን ሣር ለዓመታት ከግጦሽና ከአጨዳ ሲከለክሉ የኖሩት ራሳቸው እያጡ ነበር፤ ሥርዓቱም ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ተዳከመ።