በጠራው ውሃ ውስጥ ያለው ጽሕፈት

ፈጣሪ አንጎልን በአጥንት ምሽግ ውስጥ ሲያኖር በደረቁ አልተወውም። ቀለም የሌለው የጠራ ፈሳሽ ዙሪያውን ከቦታል፤ በሰረሰር በኩልም እስከ ወገብ ይወርዳል። በአዋቂ ሰው ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚገኘው 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። በቀን የሚመነጨው ግን ግማሽ ሊትር ያህል ስለሆነ፣ ውሃው በየዕለቱ ሦስት አራት ጊዜ ይታደሳል። ከአንድ ኪሎ በላይ የሚመዝነው አንጎልም በዚህ ፈሳሽ ውስጥ ሲንሳፈፍ 50 ግራም ያህል ብቻ ይከብዳል። የገዛ ክብደቱ እንኳ እንዳይጎዳው ታስቦለታል!

በአንጎል ውስጥ ያሉት የደም ሥሮች ግድግዳም ከሌላው አካል ይልቅ ጥብቅ ነው፤ በደም የሚዞር ሁሉ እንዳሻው አያልፍም። ተህዋሲ ይህን አጥር ጥሶ ከገባ ግን ምሽጉ ሐኪሙንም ያግደዋል። ከሳንባ አክታ፣ ከቁስል መግል መውሰድ ይቻላል፤ አንጎልን ግን ማን በቀላሉ ይነካዋል? የቀረው መንገድ ከወገብ በመርፌ የሚቀዳው ጥቂት ፈሳሽ ነው። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ለምንኖር ሰዎች ይህ መርፌ እንግዳ አይደለም። ችግሩ የተለመደው ምርመራ በአብዛኛው የተጠረጠረውን ብቻ መፈለጉ ነው፤ ማንም ያልጠረጠረው ተህዋሲ ሳይታይ ያልፋል።

በአሜሪካ በዊስኮንሲን ግዛት አንድ የ14 ዓመት ልጅ የገጠመው ይኸው ነበር። የሰውነቱ የመከላከል አቅም ከልደቱ ጀምሮ ደካማ ነበር። በአራት ወራት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሆስፒታል ገባ፤ ትኩሳትና ራስ ምታት አልለቀው አለ። በመጨረሻም የሚጥል መንቀጥቀጡ አልገታ ሲል ሐኪሞቹ በመድኃኒት አስተኙት። ከአንጎሉ ቁራጭ ተወስዶ ቢመረመርም መልስ አልተገኘም። ያን ጊዜ የሰረሰር ፈሳሹ ሳን ፍራንሲስኮ ወደሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተላከ። የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች እነ ቻርለስ ቹ፣ ጆሴፍ ዴሪሲና ማይክል ዊልሰን አንድን ተህዋሲ ለይተው አልፈለጉም። በፈሳሹ ውስጥ ያለውን ዘረመል በሙሉ አነበቡት።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ እዚህ ላይ ነው። የሰው ልጅ ዲኤንኤ የተጻፈው በአራት ኬሚካላዊ ፊደላት ነው፤ የባክቴሪያውም፣ የሻጋታውም፣ የዋርካውም በእነዚያው በአራቱ። ፍጥረት ሁሉ አንድ ፊደል ባይጋራ ኖሮ አንድ መሣሪያ ሁሉንም ሊያነብ ባልቻለ ነበር። ፊደሉ አንድ ቢሆንም የፊደላቱ ቅደም ተከተል እያንዳንዱን ፍጥረት ከሌላው ይለየዋል፤ በዓይን የማይታየው ጠላት እንኳ ማንነቱን በውስጡ ጽፎ ይዞራል። ከልጁ ፈሳሽ ከተነበቡት 3,063,784 ቁራጮች ውስጥ እጅግ የሚበዙት የራሱ የልጁ ነበሩ። ኮምፒውተሩ እነሱን ለይቶ ካወጣ በኋላ 475ቱ ሌፕቶስፓይራ ከተባለ ጠመዝማዛ ባክቴሪያ የመጡ ሆነው ተገኙ። የጤፍ ቅንጣትን ከአሸዋ እንደ መልቀም ያለ ሥራ በ48 ሰዓት ውስጥ ተፈጸመ። ይህ ባክቴሪያ በእንስሳት ሽንት በተበከለ ውሃ ይተላለፋል፤ ልጁም ከመታመሙ በፊት ወደ ፖርቶ ሪኮ ተጉዞ ነበር።

ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ2014 ታተመ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የስምንት ሆስፒታሎች ጥናት ደግሞ 204 ሕሙማንን ተመልክቶ 58 ኢንፌክሽኖችን መዘገበ፤ 13ቱን የያዘው ይህ የዘረመል ንባብ ብቻ ነበር። ብቻውን ግን ሁሉን አይደርስበትም፤ በዚያው ጥናት ንባቡ ስቷቸው ሌላ ምርመራ ያገኛቸውም አሉ። ስለዚህ የሐኪሙ ዓይንና የቆየው የላቦራቶሪ ሥራ ቦታቸውን አይለቁም።

ማንበብ በራሱ አያድንም። ለልጁ የተሰጠው መድኃኒት አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1928 ከሻጋታ ያገኘው ፔኒሲሊን ነው። ፔኒሲሊን በጤነኛ ሰው ወደ አንጎል እምብዛም አይዘልቅም። የአንጎል ሽፋን ሲቆጣ ግን ያ ጥብቅ ግድግዳ ይላላል፤ በሽታው ራሱ ለመድኃኒቱ በር ይከፍታል። በከፍተኛ መጠን የተሰጠው ፔኒሲሊን ሥራውን ሠራ፤ ልጁም አገግሞ ከሆስፒታል ወጣ።