የጎሽ አዳኙ እንጀራ

ሥራ ያስከብራል ሲባል እየሰማን አድገናል። ነገሩ እውነት ነው። ግን ሥራ ሁሉ፣ ሥራ በመሆኑ ብቻ፣ ያስከብራልን? ሰውስ ቸግሮት የያዘው ሥራ ለሚያደርሰው ጥፋት ይጠየቃልን?

እስቲ ጥያቄውን በአንድ እውነተኛ ታሪክ እንፈትነው። ቦታው የአሜሪካ ምዕራባዊ ሜዳ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1873 በአገሪቱ የገንዘብ ቀውስ ተነሣ፤ ባንኮች ተዘጉ፤ ሥራ አጡ በዛ። ወደ ምዕራብ የሄደ ወጣት ምን ይምረጥ? በ1862ቱ ሕግ 160 ኤከር መሬት ወስዶ፣ 5 ዓመት ተቀምጦ እያረሰ የራሱ ማድረግ ይችላል። ግን የበሬውና የዘሩ ገንዘብ ከየት ይምጣ? ቶሎ ገንዘብ የሚገኘው ከጎሽ አደን ነበር። የቆዳ ፋብሪካዎች የጎሹን ቆዳ የሚያለፉበት ዘዴ ስላገኙ፣ የማሽን ቺንጋ ሳይቀር ይሠራበት ጀመር። አዳኙ ይተኩሳል፤ ገፋፊዎች ይገፋሉ፤ ቆዳው በባቡር ወደ ምሥራቅ ይሄዳል፤ ሥጋው እዚያው ይበሰብሳል። በሚሊዮን ይቆጠር ከነበረው ጎሽ በ1880ዎቹ መጨረሻ የቀረው አንድ ሺህ ገደማ ብቻ ነው።

ጎሹ ደግሞ ለኮማንቼ፣ ለካዮዋና ለሻየን ሕዝቦች ምግብ፣ ልብስና ድንኳን ነበር። በ1867 በሜዲሲን ሎጅ በተፈረመው ውል ከአርካንሳስ ወንዝ በስተደቡብ የማደን መብታቸው ተጠብቆ ነበር። አዳኞቹ ግን የካንሳሱን መንጋ ሲጨርሱ ወንዙን ተሻገሩ። በ1874 አዳኞቹ በሰፈሩበት በአዶቤ ዎልስ ጦርነት የተነሣው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ አላወቁም ማለት አይቻልም።

አዳኙ ቢጠየቅ ሁለት መልስ ይኖረዋል። አንደኛው «ቸግሮኝ ነው» የሚል ነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ! ችግር ጥፋትን ያቀልላል፤ ግን አይፍቀውም። ሰውዬው የራሱን ረሃብ ወደ ሌላው ድንኳን አሻገረው እንጂ ረሃቡ አልጠፋም። ሁለተኛው «እኔ ብተወው ሌላው ይገድለዋል» ነው። ይሄ የባሰ ነው። መንጋው ያለቀው እኮ ሁሉም ይህንኑ እያለ ስለ ተኮሰ ነው።

«ጥፋቱ የሥርዓቱ ነው፤ ድሀውን ለምን ትወቅሳለህ?» የሚለኝ ጓደኛ አይጠፋም። ልክ ነው፤ ከአዳኙ ይልቅ የፋብሪካው ባለቤት፣ ከሁለቱም ይልቅ ውሉን ፈርሞ ያላስከበረው መንግሥት ይብሳል። ከአዳኙ የጠበበ ምርጫ የነበረውም አለ። ከባርነት የወጡ ጥቁሮች በ1866 በሕግ በተቋቋሙ የጥቁሮች ክፍለ ጦሮች ገብተው በወር 13 ዶላር እየተከፈላቸው ከእነዚሁ ሕዝቦች ጋር ተዋግተዋል። ሌላው በራቸው በቀድሞ ጌቶቻቸው መሬት ላይ የእኩል አራሽ መሆን ነበር። እነዚህን ከአዳኙ እኩል መውቀስ ግፍ ነው። ቢሆንም ጥይቱ የመታው ሰው ማን ተኮሰ ብሎ ቢጠይቅ መልስ ይገባዋል።

እንግዲህ እኔ የደረስኩበት ይህ ነው። ወቀሳ የሚለካው ለሰውዬው ክፍት በነበሩት በሮች ቁጥር ነው፤ ግን ማንም ዘንድ ባዶ አይሆንም። ትምህርት በር ይከፍታል እየተባለ እዚህ ደርሰናል። ከሆነ፣ በሩ በተከፈተልን ቁጥር «ቸግሮኝ ነው» የማለት መብታችን እየጠበበ ይሄዳል ማለት ነው።